እሱስ ከማን ለመደው?

የላብራቶሪያችን ውጤት የሚሰጠው በአንዲት ጠባብ መስኮት ነበር። ዝቅ ያለች ስለነበረች ከውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሚታየው ፊት ሳይሆን እጅ ነው። ወረቀት የያዘ እጅ ይገባል፣ ውጤት ይዞ ይወጣል። ሦስት ዓመት እንዲህ ስሠራ የስንቱን ሰው እጅ እንዳየሁ አላውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ግን አንዲት እናት ጎንበስ ብለው ፊታቸውን መስኮቷ ላይ አደረጉና አዩኝ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። በእጃቸው ብዙ ጊዜ የታጠፈ የላብራቶሪ ወረቀት አለ። የልጅ ልጃቸው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተኝቷል። ወረቀቱ ላይ የሕፃኑ ስም የለም፤ ገና ስም አልወጣለትም። የእናቱ ስም ተጽፎ ከፊቱ «የ… ልጅ» ይላል። ዕድሜ የሚለው ቦታ ላይ «2 ቀን» ተብሎ ተሞልቷል።

ውጤቱን ሰጠኋቸውና በየቀኑ የምናገረውን ተናገርኩ። «እማማ፣ ይህን ለዶክተሩ ያድርሱልኝ። መድኃኒቶቹ ተለምደዋል።»

«ልጄ፣ ተወልዶ እኮ ሳምንት አልሞላውም» አሉኝ። «መቼ ቀምሶት ነው የለመደው?»

«ሕፃኑ አይደለም እማማ። ጀርሙ ነው የለመደው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳያነሱ፣ «እሺ፣ እሱስ ከማን ለመደው?»

ከኋላቸው ሰልፍ ነበር። «ዶክተሩ ያስረዱዎታል» አልኳቸው። ወረቀቱን እንደገና አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱና ሄዱ። ይኸው 11 ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ያጠናሁት፣ የተመራመርኩት፣ እስከ ሌሊት ያመሸሁበት ነገር ሁሉ ሲጠቀለል ለዚያች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስድስት ሚሊ ሜትር

የሕፃኑን ፕሌት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ላብራቶሪ ላልገቡ ሰዎች ልንገራችሁ። ከደሙ የበቀለውን ባክቴሪያ ፕሌት በምንለው ክብ ሳህን ውስጥ፣ አጋር በሚባል እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ላይ እንደ ቀለም እንቀባዋለን። ከላዩ መድኃኒት የነካቸውን ትንንሽ የወረቀት ዲስኮች እናስቀምጥና ኢንኩቤተር በሚባል ሙቀቱን የሚጠብቅ ሳጥን ውስጥ እናሳድረዋለን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ጠዋት ዲስኩ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ ምንም ያልበቀለበት ቦታ ማለት ነው። የክቡን ስፋት በማስመሪያ እንለካለን። ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶን ለእንዲህ ያለው ባክቴሪያ ይሠራል የምንለው ክቡ 23 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

ዲስኩ ራሱ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያው ምንም ክብ ከሌለ የምንጽፈው ይህንኑ የዲስኩን ስፋት ነው። ያን ቀን ማስመሪያውን ከዲስክ ወደ ዲስክ እያዞርኩ ጻፍኩ። ሴፍትሪያክሶን 6። ሴፎታክሲም 6። ጄንታማይሲን 6። ሲፕሮፍሎክሳሲን 6። ባክቴሪያው እስከ ዲስኮቹ ጠርዝ ድረስ ወፍራም፣ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ሆኖ በቅሏል። ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። ጥርት ያለ ክብ የነበረው ሜሮፔነም ብቻ ነው።

የሕፃኑ ደም የተቀዳው የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ነው። ይህንን ከወረቀቱ ላይ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ አያትየው ትክክል ነበሩ፤ ልጁ ምንም አልቀመሰም። ደሙ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ቀን፣ ፕሌት ላይ አንድ ቀን፣ ከዲስክ ጋር ሌላ አንድ ቀን ቆየ። በእነዚያ ሦስት ቀናት የተወጋው የተለመደውን አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ነበር። ሜሮፔነም የሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ አልነበረም። አባትየው ከተማውን ሲዞር ውሎ በማግስቱ አገኘ። ልጁ በስምንተኛ ቀኑ አረፈ።

ይህን የሰማሁት የሌላ ሕፃን ውጤት ላደርስ ወደ ክፍሉ ስሄድ ከአንዲት ነርስ ነው። ቆሜ ሰማኋትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የጠየቁኝ ጥያቄ ግን አብሮኝ ተመለሰ።

«ለመደ» የምትለው ቃል

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የተጣላሁት ከራሴ ቃል ጋር ነው። በአማርኛ ይህን ችግር ስንጠራው «የመድኃኒት መላመድ» እንላለን። ፖስተሩም፣ ሬዲዮውም እንዲህ ነው የሚለው። ሰው ፋርማሲ ሄዶ «ሰውነቴ አሞክሳሲሊን ለምዷል፣ ጠንከር ያለ ስጪኝ» ይላል። ቡና ይለመዳል፣ ጫት ይለመዳል፣ እንቅልፍ ይለመዳል። የሚለምደው ሁልጊዜ ወሳጁ ነው። እኛም የምናስተምረው በዚሁ መንገድ ነው፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ፣ የጀመራችሁትን ጨርሱ፣ የተረፈውን ለጎረቤት አትስጡ፣ ቴትራሳይክሊን ፈልቅቃችሁ ቁስል ላይ አትነስንሱ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ አሁንም እለዋለሁ። ግን ልጁ ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም።

ባክቴሪያውም ቢሆን እኛ በምናስበው መንገድ መድኃኒት «አይለምድም»። እ.ኤ.አ. በ1952 ኤስተርና ጆሹዋ ሌደርበርግ የተባሉ ባልና ሚስት አሜሪካ ውስጥ የሠሩት አንድ ሙከራ አለ። እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ በጣም የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ያስፈለጋቸው ከፋይ ጨርቅ ነው። ባክቴሪያ የበቀለበትን ፕሌት ከፋዩ ላይ እንደ ማኅተም ጫን ያደርጋሉ። ከዚያ አዲስ ፕሌት፣ ስትሬፕቶማይሲን ያለበትን፣ እዚያው ከፋይ ላይ ይጭናሉ። እያንዳንዷ የባክቴሪያ ቅንጣት ቦታዋን ሳትለቅ ትገለበጣለች። መድኃኒቱ ላይ የተረፉት የት የት ቦታ እንደሆኑ ካዩ በኋላ ወደ መጀመሪያው ፕሌት ተመልሰው ያንኑ ቦታ ፈተሹ። ይህ ፕሌት መድኃኒት ነክቶት አያውቅም። መድኃኒቱን የሚቋቋሙት እዚያም ነበሩ።

ማለት፣ መድኃኒቱ ሳይመጣ በፊት ነበሩ። መድኃኒቱ አላስተማራቸውም፤ ሌሎቹን ገድሎ ቦታውን ለእነሱ ለቀቀላቸው። የፔኒሲሊንን ታሪክ ብታዩም ያው ነው። መድኃኒቱ ገና ወደ ሕዝብ ሳይደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ኦክስፎርድ ውስጥ አብርሃምና ቼን ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ከባክቴሪያ ውስጥ አግኝተው ጽፈዋል። በ2011 ደግሞ ሰሜን ካናዳ ውስጥ 30,000 ዓመት ከቆየ በረዷማ አፈር መድኃኒት የሚቋቋሙ ጂኖች ወጥተዋል። በዚያን ዘመን ፋርማሲ የለም።

ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ «ለመደ» ማለት ተውኩ። ለተማሪዎቼ «ይቋቋማል» በሉ፣ እንዲያውም ለክሌብሲየላ «ያፈርሳል» በሉ እላቸው ነበር። ምክንያቱም በትክክል የሚያደርገው እሱን ነው። የእነ ፔኒሲሊን ቤተሰብ መድኃኒቶች መካከላቸው ላይ ከአራት አተሞች የተሠራች ቀለበት አለቻቸው። ጉልበታቸው እሷ ናት። ኢንዛይሙ ቀለበቷን ይከፍታታል። ተከፈተች ማለት መድኃኒቱ አለቀለት። ይህን ስረዳ መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ግን የአያትየውን ጥያቄ ግማሽ ዘልዬዋለሁ። «እንዴት ለመደው» አላሉኝም። «ከማን» ነው ያሉት።

አንድ ሌሊት

ማስተርሴን ስጀምር አማካሪዬ ስለ ርዕስ ጠየቁኝ። ከሕፃኑ ደም የወጣውን ክሌብሲየላ ላጥና አልኳቸው። አንድ ባክቴሪያ ብቻውን ጥናት አይሆንም፣ ሌሎችም ጨምሪ አሉኝ። ጨመርኩ። ፒሲአር ለሚባለው ዲኤንኤ የማባዣ ዘዴ የሚያስፈልገኝን ፕራይመር የሚባል ግብአት አዝዤ አራት ወር ጠበቅኩ። እስኪመጣ ዝም ብዬ ከምቀመጥ በማለት አንድ የቆየ ሙከራ ለመሥራት ወሰንኩ። ሕይወቴን የቀየረው እሱ ሆነ።

ሁለት ባክቴሪያ ይወሰዳል። አንዱ የሕፃኑ ክሌብሲየላ ነው። ሌላው ጄ53 የሚባል፣ ብዙ ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ገራም ኢ ኮላይ ነው። ሴፎታክሲም ሲያገኘው ይሞታል። አንድ የተለየ ነገር አለው፦ ሶዲየም አዛይድ የሚባል መርዝ ይችላል። ክሌብሲየላው ደግሞ አዛይዱን አይችልም። ሁለቱን ፈሳሽ ምግባቸው ባለበት አንድ ቱቦ ውስጥ ቀላቅዬ በ37 ዲግሪ አሳደርኳቸው። ቱቦው ውስጥ መድኃኒት የለም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። በማግስቱ ከቅልቅሉ ጠብ አድርጌ ሴፎታክሲምም አዛይድም ያለበት ፕሌት ላይ ቀባሁት። ክሌብሲየላው ብቻውን እዚያ ላይ አይበቅልም። ኢ ኮላዩም ብቻውን አይበቅልም። ለማነጻጸሪያ ሁለቱንም ለየብቻ በሌላ ፕሌት ቀባኋቸው።

ጠዋት ገና ጽዳት ሳይገባ ደረስኩ። ኢንኩቤተሩን ስከፍት የሚመጣው ሞቅ ያለ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አይጠፋም። የመጀመሪያውን ፕሌት ብርሃን ላይ ያዝኩት፣ ባዶ። ሁለተኛውን ያዝኩት፣ ባዶ። ሦስተኛውን ሳነሳው ሮዝ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። ልጥፍ ያሉ፣ ደረቅ ያሉ፣ የኢ ኮላይ መልክ ያላቸው። የክሌብሲየላ ዝልግልግነት የለባቸውም። ፕሌቱን ገልብጬ በጀርባው በማርከር እየነጠብኩ ቆጠርኳቸው። 61 ነበሩ።

ቁጭ አልኩ። ከትናንት በስቲያ ማታ ሴፎታክሲም ሲነካው ይሞት የነበረ ባክቴሪያ ነው። ከክሌብሲየላ ጋር አንድ ሌሊት ብቻ አደረ። መድኃኒት የሚባል ነገር አልቀመሰም። ጠዋት ሲነሳ መድኃኒቱን የሚያፈርስበትን መሣሪያ ይዞ ተነሳ።

ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባላል። ልጅ ሆነን ከማይሆን ጓደኛ ጋር ስንውል የሚጣልብን ተረት ነው። ስድብ ስንማር፣ «ይህን ከማን ለመድከው?» ይባላል። ያኔ ነው የአያትየው አማርኛ የገባኝ። እኔ «ለመደ» ስል ቡናና ጫት ላይ ነበርኩ። እሳቸው «ከማን ለመደው» ሲሉ ጊደሯ ላይ ነበሩ። ቃሉ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መልመድ ከሱስ ብቻ አይመጣም፣ ከጎረቤትም ይመጣል። ባክቴሪያ የሚለምደውም እንዲህ ነው፤ አብሮ ከዋለው።

ነገሩ በሳይንስ አዲስ አልነበረም፤ ለእኔ ነው አዲስ የሆነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች የደም ተቅማጥ አምጪው ሺጌላ በአንድ ጊዜ አራት መድኃኒት ሲቋቋም አይተው ግራ ተጋቡ። እ.ኤ.አ. በ1959 ኦቺያይና አኪባ ባክቴሪያዎችን በማቀላቀል ብቻ ችሎታው ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ አሳዩ። የጻፉት በጃፓንኛ ስለነበር ሌላው ዓለም ልብ ያለው ዋታናቤ በ1963 በእንግሊዝኛ ጠቅልሎ ከጻፈው በኋላ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር በአማርኛ የተጠየቀ ጥያቄ ስንት ዓመት ይጠብቅ ይሆን እላለሁ።

ፕራይመሩ ሲመጣ የሁለቱንም ዲኤንኤ አባዛሁና ዲኤንኤን በመጠኑ በሚለይ ጄል ላይ አስሮጥኩት። ክፍሉን አጨልሜ መብራቱን ስለኩስ የክሌብሲየላውና የኢ ኮላዩ መስመር እኩል ቦታ ላይ አበራ። አንድ ጂን ነው። በኋላ ስዊድን ሄጄ ሙሉውን ስናነበው ሲቲኤክስ-ኤም-15 ሆኖ ተገኘ። የተጻፈው ፕላስሚድ በሚባል የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው፤ ባክቴሪያዎች ተጠጋግተው የሚሰጣጡት እሱን ነው። ሰጪው አይጎድልበትም። ጧፍ ከጧፍ እንደሚለኮስ ማለት ነው። ጄንታማይሲንን የሚያከሽፈው ጂንም እዚያው ቀለበት ላይ ተቀምጧል፤ አንዱን የወሰደ ሌላውንም ይወስዳል።

የጂኑ የዘር ሐረግ ደግሞ ይገርማል። የሲቲኤክስ-ኤም ቤተሰብ መነሻ ክሉይቬራ የሚባል፣ በአፈርና በውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ሰውን እምብዛም የማያስቸግር ባክቴሪያ ነው። «ኤም» የሙኒክ ኤም ናት፤ ጀርመን ውስጥ ስለተለየ። ቁጥር 15 መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ከኒው ዴልሂ ከተወሰዱ ናሙናዎች ነው። ከዚያ ዓለምን ዞሮ፣ ከስንት ባክቴሪያ ወደ ስንት ባክቴሪያ ተላልፎ፣ አንድ ቀን ሁለት ቀን የሞላው ልጅ ደም ውስጥ ገባ።

ፍሪዘሩ

ከዚያ በኋላ ያለው የምርምር ሕይወቴ እንደማንኛውም የሀገራችን ተመራማሪ ነው፤ ብዙ አልዘረዝረውም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ስመለስ ላብራቶሪው ወለል ላይ ውሃ አገኘሁ። መብራት ጠፍቷል፣ ጄኔሬተሩም አልተነሳም። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መሆን ያለበት ፍሪዘር ለብ ብሏል። 340 ናሙና ነበረኝ። እያንዳንዱ ከአንድ ታማሚ የመጣ ነው። ሌላ ቦታ ግልባጭ ያስቀመጥኩላቸው 92 ብቻ ነበሩ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ቁጥራቸውን ጻፍኩ። የሕፃኑ ቱቦ ከ92ቱ አንዱ ነበር።

ሌላው ያስቸገረኝ ዝምታ ነው። ጥያቄው «ከማን» ከሆነ መልሱ ያለው ክፍሉ ውስጥ ነው፤ የእጅ መታጠቢያው ላይ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከሕፃን ወደ ሕፃን በሚሄደው የሁላችንም እጅ ላይ። ከመታጠቢያ ገንዳዎች ናሙና ልውሰድ ብዬ የጠየቅኩበት አንድ ቦታ «ስማችን ይጠፋል» ብሎ ከለከለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ይህን ተረት የማያውቅ የለም፤ ተቋም ሲሆን ግን እንረሳዋለን። ሌላ ቦታ አንዲት የክፍል ኃላፊ ነርስ ራሷ እጇን ዘርግታ «ከእኔ ጀምሪ» አለችኝ። ያቺን ነርስ መቼም አልረሳትም። ክፍሏ ውስጥ ውሃ የሚመጣው በቀን ለጥቂት ሰዓት ነበር። በአንድ ማሞቂያ ሁለት ሦስት ሕፃን ይተኛ ነበር። በዚያ ሁኔታ አንዲት ነርስ እጇን በየሕፃኑ መካከል በምን ትታጠብ?

እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ከፍተኛው የሞት መጠን ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት አገሮች በጨቅላ ሕፃናት ደም መመረዝ ላይ የተደረገና በ2021 የወጣ ትልቅ ጥናትም ክሌብሲየላን ከፊት አግኝቶታል። እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ የምናደድበት ነገር አለ። ከሌላው ይልቅ መድኃኒት ስለምንበላ ይመስል ሁልጊዜ የሚመከረው ወሳጁ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ አንድ ነገር ምረጪ ብባል አዲስ ፒሲአር ማሽን አልመርጥም። ለአንድ የጨቅላ ክፍል ውሃ የማይቋረጥበት ቧንቧና አልጋ ለእያንዳንዱ ሕፃን እመርጣለሁ። ይህን የምለው ዕድሜዬን ፒሲአር ስሠራ የኖርኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ይህን ሥራዬን ለመረዳት ብዙ ትለፋለች። መሳቢያዋ ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን አስቀምጣ አገኘኋትና ስነግራት፣ «እኔ ጋ ያለው ጀርም ለማን ብሎ ነው?» አለችኝ። የጊደሯን ተረት ነገርኳት። ቆይታ ስታስብ፣ «ታዲያ እኔም ጋ ያለው አህያ ነዋ» አለችና መድኃኒቱን አውጥታ ሰጠችኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በመስኮቷ ፊት ለነበሩት እናትም አሥር ደቂቃ ይበቃቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ላብራቶሪያችን አዲስ የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽን አስገብቷል። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነው፤ አንድን ፕላስሚድ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆራርጥ ማንበብ ይችላል። በዚያ ዘመን ክፍሉ ውስጥ ከነበሩ ሌሎች ሕፃናት የወሰድናቸው አምስት ናሙናዎች ከ92ቱ ውስጥ አሉ። ቀለበቶቹን ጎን ለጎን አድርጌ ማየት እችላለሁ። ከማን ወደ ማን እንደሄደ ምናልባት ይታይ ይሆናል።

ሐሙስ ማታ ቱቦውን አወጣሁት። ክዳኑ ላይ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣ «2 ቀን» ይላል። በረዶው ሳይቀልጥ በሉፕ ጫር አድርጌ ፕሌት ላይ ሳብኩት። አርብ ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስከፍት ወፍራም፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ ሆኖ በቅሎ አድሯል። ከ11 ዓመት በኋላም እዚያው ነው። ፕሌቱን ብርሃን ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ጓንቴን አጥልቄ ዲኤንኤውን ማውጣት ጀመርኩ።